ለሰላም ሲባል

ፌብሩዋሪ 4፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ካልሲዬ ሁሉ እርጥብ። ከሙዚየሙ መልስ መጣ፤ አሁንም እምቢታ። «ለወደፊቱ መልካም ዕድል እንመኝልዎታለን።» መልካም ዕድል በመመኘት ይህን አገር የሚያህል የለም።

ካፌ ቁጭ ብዬ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቤት መቀመጥ… እግሬ አላርፍ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኃይለ መስቀል ደወሉ። እዚህ ፍራንክፈርት ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ በስልክም ሲያወሩ ስብሰባ የሚመሩ ይመስላሉ።

«ታሪክ ነው የተማርሽው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሥራ አላገኘችም አሉኝ።»

«ገና ነው ጋሼ…»

«እንግዲያው እኔ ሥራ ሰጥቼሻለሁ። ማርች አሥራ አንድ፣ ሆኽስት አዳራሽ። ስለ ሃያ ስምንቱ ትናገሪያለሽ። ጣሊያን ሲወረን ያ ሁሉ መንግሥት ቆሞ ያየው ለምንድን ነው? የኛን ካየ በኋላስ እሳቱ እንዴት ራሱ ቤት ገባ? ልጆቹ ይስሙት።»

ሃያ ስምንት ማለታቸው በኛ አቆጣጠር ነው። እዚህ አገር 1936። ሁለቱንም አቆጣጠር አውቃለሁ ብዬ ሁለቱንም ነው የምስተው።

ደስ ብሎኛል። በጣም! የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሹ ስለዚሁ ነበር። አንድ ነገር ብቻ… ፈረንጆቹ «አፒዝመንት» የሚሉትን በአማርኛ ምን ልበለው? ጉልበተኛ በጠየቀ ቁጥር እየሰጡ፣ አሁን ይበቃዋል እያሉ መጠበቅ። ቃል አጣሁለት።

ፌብሩዋሪ 5፣ እሑድ

ምሳ እኅቴ መሲ ቤት፣ ጻይልስሃይም። እንግዳ ሞልቷል። ጋሽ ኃይለ መስቀል ከነባለቤታቸው ከእትዬ የወርቅውሃ፣ ሌሎችም። አማኑኤል እንደ ሁልጊዜው ሲያስቀን ዋለ። የእኅቴ ባል ሰው ይወዳል፤ ሰውም ይወደዋል። ሳህን ያጥባል። ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል።

ምሳ አልቆ ብርቱካን ስንልጥ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና፣

«መሲዬ ወስናለች። ከእንግዲህ የማታ ሺፍት የለም። አይደል መሲዬ?»

መሲ ፈገግ አለች። «አዎ…»

እትዬ የወርቅውሃ «እሰይ! ባል ማለት እንዲህ ለሚስቱ የሚያስብ ነው» አሉ።

ጥሩ ነገር ነው። አይደለም እንዴ? የአረጋውያን መጦሪያው ሥራ ወገቧን ጨርሶታል። ግን አየኋት። እሷም ከኛ ጋር ነው የሰማችው። ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች… ጆጉ ሙሉ ነበር።

ለምንድን ነው ብቻቸውን ሲሆኑ የማይጠይቃት?

ፌብሩዋሪ 8፣ ረቡዕ

ፋጥና ቃል ፍለጋውን ተቀላቀለች። ቤት የምንጋራ የሐረር ልጅ ናት፤ አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው፣ ምላሷ ስለት።

«'ማባበል' ብለውስ?»

«የሚባበለው እኮ የሚያለቅስ ልጅ ነው። ሂትለር አለቀሰ?»

«'ማስታመም'?»

«ታሞ ነበር እንዴ?»

«እሺ፣ 'ማለሳለስ'…»

«ቅቤ ነው እንዴ፣ አንቺ!»

ስቄ ስቄ ሞትኩ። ቃሉ ግን የለም።

ማታ ሳነብ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ሃምሳ ምናምን መንግሥት ጄኔቭ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ፣ ጣሊያን አጥፊ ናት ብሎ ፈረደ። ማዕቀብም ጣለ። ነዳጁን ግን አልነካም። የስዊዝን ቦይም አልዘጋም። ወታደር የጫነው መርከብ የመተላለፊያውን እየከፈለ አለፈ። ለምን? ሙሶሊኒ ከተቆጣ ከሂትለር ጋር ይገጥማል ብለው። እያስደሰቱትም ገጠመ።

ፌብሩዋሪ 12፣ እሑድ

መሲ በአውቶቡስና በባቡር መጣች። ትንሿን ልጇን ማርቲን ይዛ፣ በዚህ ብርድ።

«መኪናሽስ?»

«አማኒ ይፈልጋታል። ምን አለበት።»

ያቺን መኪና የገዛችው እሷ ናት። እሱን መንዳት ያለማመደችውም እሷ።

«ደግሞ ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ላንድ ቤት አንድ ይበቃል። በሱ ደውይልኝ።»

«በሱ?»

«ፀዲ፣ እንዳትጀምሪ።»

«ምን ጀመርኩ?»

«ፊትሽ ጀምሯል።»

አባባ ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊቴን ከኔ በላይ ታነበዋለች። እኔስ የሷን? ድሮ ሳቋ ከደረጃው ሥር ይሰማ ነበር። ዛሬ ስትስቅ መጀመሪያ በሩን አየች።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሰኞ

በሱ ደወልኩ። «ተኝታለች ፀዲዬ» አለኝ፣ እንደ ማር። ገና ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ፌብሩዋሪ 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ሲባባል። አማኑኤል ማርቲን ተሸክሟት።

«ማርቲዬ ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ትሄዳለች። እናቴ ጋ ታድጋለች። ቋንቋዋን ትማር፣ ሥርዓት ትማር። እዚህ እኮ ልጆቻችንን እያጣናቸው ነው።»

የአምስት ዓመት ልጅ! መሲን አየኋት። ነጠላዋን ትይዛለች፣ ትለቃለች።

ማርቲ በጀርመንኛ «ኢሽ ቪል ኒሽት!» ብላ ጮኸች። አልፈልግም ማለቷ ነው። ሰዉ በሳቅ ወደቀ።

«አያችሁ?» አለ አማኑኤል። «እኮ ለዚህ ነው!»

ልጅቷ እምቢ ባለች ቁጥር እሱ ያሸንፋል። ይህን አስቦ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ሁሉንም ነገር ተንኮል የማደርገው?

ፌብሩዋሪ 23፣ ሐሙስ

መሲ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ቁጭም ሳትል፣

«አልፈርምም አልኩት።»

ልጅ ብቻዋን እንድትሄድ የሁለቱም ወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እሱ ፈርሟል። ፓስፖርቷም እሱ ኪስ ነው።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። አልጮኸም። 'እሺ፣ ሽማግሌ ይየን' አለ። ጥሩ አይደል? ጋሽ ኃይለ መስቀል እኮ ልጄ ነሽ ነው የሚሉኝ። እሳቸው ከሰሙኝ ያልቃል።»

ዓይኗ በርቷል። ከስንት ጊዜ በኋላ። እኔ ግን አንድ ነገር እየበላኝ ነው… ሽማግሌዎቹን ማን መረጣቸው?

ፌብሩዋሪ 26፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከተማውም የራሱን ቅበላ፣ ካርኒቫሉን፣ ይዟል፤ ባቡሩ ውስጥ አንዱ ድብ፣ አንዱ ንጉሥ ሆኖ ቢራ ይዞ ይዘፍናል። በነሱ መሐል እያለፍኩ ጻይልስሃይም ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ናቸው፤ አራት ሰዎች፣ አማኑኤል አምስተኛ። በሩ ገርበብ ብሏል። መሲ የት ናት? ማዕድ ቤት። ዶሮ ትሠራለች። ለነሱ!

«ለምን አልገባሽም?»

«ይጠሩኛል።»

ሽንኩርት ከተፍን። ሳቅ ከሳሎን ይሰማል። የአማኑኤል ድምፅ፣ ከዚያ የጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ከዚያ የአማኑኤል። ሽንኩርቱ አለቀ። ዶሮው በሰለ። ከዚያ ተጠራች።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እንግዲህ መሠረት ልጄ፣ ብዙ ተነጋገርን» አሉ ጋሽ ኃይለ መስቀል። «አማኑኤል ለሁልጊዜ ነበር ያለው። አግባብተነው ላንድ ዓመት ብቻ ይሁን ብሏል። ስልክሽንም ይመልስልሻል። እሱ ይህን ያህል ከመጣልሽ አንቺም ፊርማውን አታስቸግሪ። ለሰላም ሲባል።»

ሌሎቹም ተቀበሉ፤ «ለሰላም ሲባል።»

መሲ መሬት መሬት አየች። «እሺ» አለች። በጣም ቀስ ብላ። ተሳሳሙ ተባሉ፤ ተሳሳሙ። እኔ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እሷን ጠየቃችኋት?»

አማኑኤል ፈገግ ብሎ «ፀዲ የተማረች ናት እኮ» አለ። ሳቁ።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ግን አልሳቁም። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ጠብ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ባንድ ዓመት ሁለት ወንድሞቼን ነው የቀበርኩት። ትዳር ሲፈርስ ከማይ የቀረበልኝን ሁሉ እውጣለሁ።» እውነታቸውን ነው። ክፋት የላቸውም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ፌብሩዋሪ 27፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። መጽሐፌን ገለጥኩ፤ መጽሐፉ ውስጥ የመሲ ሳሎን።

ዲሴምበር 1935። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ፓሪስ ተቀመጡ። የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግተው ይሄ ለሙሶሊኒ፣ ይሄም ለሙሶሊኒ፣ ለናንተ ወደ ባሕር የምታስወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ ብለው ከፋፈሉ። የአገሩን ባለቤት ማን ጠራው? ማንም። ወሬው ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸባቸውና ተዉት፤ ሙሶሊኒ ግን ያየውን አየ።

1938፣ ሙኒክ። አራት መሪዎች ቼኮስሎቫኪያን ሲቆርሱ የቼኮቹ መልክተኞች ሆቴል ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ሲያልቅ ተነገራቸው። ሂትለር «ይህ የመጨረሻ ጥያቄዬ ነው» ብሎ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ፕራግ ገባ። ከዚያ ፖላንድ። ከዚያ ዓለም ሁሉ።

ሆቴል… ማዕድ ቤት።

ቃሉንም አገኘሁት። አንድ ቃል አይደለም፤ በአራቱም ሽማግሌዎች አፍ ውስጥ ነበር።

ማርች 2፣ ሐሙስ

የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» አሉኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ማርቲ የት እንደምትሆን እንኳ አላውቅም ልል ምንም አልቀረኝ።

ስመለስ ራሴን ጠረጠርኩ። ሁሉን ነገር ሠላሳ ስድስት አድርጌ እያየሁ ይሆን? አማኑኤል ሂትለር አይደለም። ሳህን የሚያጥብ ሰው ነው። እነዚያ መሪዎችም ቢሆኑ ፈሪ ብቻ አልነበሩም፤ በመጀመሪያው ጦርነት አንድ ትውልድ ቀብረዋል። እንደ ጋሽ ኃይለ መስቀል። እና? ማዘን ይገባኛል? ማዘን አንድ ነገር ነው፣ ፊርማ ሌላ።

ማርች 7፣ ማክሰኞ

ልክ ሰባ ዓመት ሆነ። ያኔ የራይን አካባቢ የጀርመን ወታደር እንዳይገባበት በውል የተከለከለ ነበር፤ ፍራንክፈርትም ክልሉ ውስጥ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በኛ ጉዳይ ሲነታረኩ ሂትለር ውሉን ቀዶ ወታደሩን አስገባ። ቅዳሜ ቀን። ከዓመት በፊት የግዳጅ ውትድርና ያወጀውም ቅዳሜ። ለንደን ቅዳሜ ቢሮ ዝግ፣ ሹማምንቱ ገጠር… አማኑኤል ሰው ፊት፣ ሂትለር ቅዳሜ። መልስ በማይሰጥበት ሰዓት መጠየቅ።

ታች የሚኖሩትን ጀርመናዊት ባልቴት፣ ፍራው ኬለርን፣ ጠየቅኳቸው። ያኔ ልጅ ነበሩ፣ እዚሁ ኖርድኤንድ ሰፈር።

«አበባ ወረወርኩላቸው» አሉኝ። አላፈሩም፣ አልኮሩም። «እናቴ ግን ዳቦ ልትገዛ ሮጠች። ፈረንሳዮች እስከ ማታ ይመጣሉ ብላ። ሆኽስትን ለቀው ከወጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ እናውቃቸዋለን። ቁም ሳጥኑን ዳቦ ሞላችው።»

«ከዚያስ?»

«ማንም አልመጣም። ሰኞ ዳቦው ደረቀ፤ ለሾርባ አደረገችው። አባቴ ሂትለርን አይወደውም ነበር። ከዚያች ሰኞ ወዲህ ግን 'ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው' ማለት ጀመረ።»

ያንን ዳቦ ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ።

ማርች 9፣ ሐሙስ

መሲን መጦሪያው በር ላይ ጠበቅኳት። ስልኳ አልተመለሰም። «ረስቶት ነው።» ፊርማውን እሑድ ልትሰጠው ነው።

«ሌላስ?» አልኳት። ሌላ እንዳለ ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

«አውስቢልዱንጉን ተይው አለኝ። የመጦሪያውን የሙያ ስልጠና። ማርቲ ከሄደች ምን ያደርግልሻል፣ ቤት ያዢ…»

«መሲ! ፈተናው እኮ ደርሷል!»

«የመጨረሻ ነው አለ፣ ፀዲ። ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅሽም አለ።»

ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ ሄደ።

«ቅዳሜ ንግግሬን መጥተሽ ስሚ» አልኳት።

ማርች 11፣ ቅዳሜ

እንደ ሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ሙሉ። ፊት ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ እትዬ የወርቅውሃ። መሐል አማኑኤል፣ ከሁሉም ጋር እየተጨዋወተ። መሲ ማርቲን ታቅፋ ከኋላ።

የጻፍኩትን አላነበብኩም። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለዚያች ቀጭን መንገድ፣ ስለ ሂትለር ቅዳሜዎች ተናገርኩ። ስለ ፍራው ኬለር እናት ዳቦ ስናገር መጀመሪያ ሳቁ። ሙኒክ ላይ ስደርስ ቼኮቹ ሆቴል ሲጠብቁ እንደነበር ነገርኳቸው። ስለ እኅቴ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

«ይህን ነገር በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ ተቸገርኩ» አልኩ። «ለካ ቃሉ አለን። 'ለሰላም ሲባል' እንላለን። ሰላም ማለት አይደለም። ለሰላም ሲባል። ሁልጊዜ የሚባለው ደግሞ ለተገፋው ነው። ለገፊው ማን ብሎት ያውቃል?»

ጋሽ ኃይለ መስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። አላዩኝም።

እትዬ የወርቅውሃ እጃቸውን አወጡ። «ጥሩ ነው ልጄ። ግን እነዚያ ሆቴል የተቀመጡት ምን ማድረግ ነበረባቸው? ጉልበት የላቸው፣ ወዳጅ የላቸው…»

አላውቅም። እውነት አላውቅም!

«እኔ ልመልስ?» ከኋላ።

መሲ። ማርቲን አቅፋ ቆማለች።

«መግባት ነበረባቸው» አለች። «ሳይጠሩ።» ከዚያ ወደ መሐል ዞረች። «አማኑኤል፣ አንተ ነገር የምትነግረኝ ሰው ፊት ነው። እኔም ሰው ፊት ልንገርህ። ማርቲ አትሄድም። አልፈርምም። ትምህርቴንም አላቋርጥም።»

ወንበር ተንቋቋ።

አማኑኤል ሳቀ። «ደክሟት ነው… ቤት እንነጋገራለን መሲዬ።»

«ቤት ተነጋግረን አናውቅም።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ኃይለ መስቀል ዞረ። አሁን 'ለሰላም ሲባል' ይላሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያን ቀን ማዕድ ቤት ነበርሽ» አሉ። ለመሲ። «ዶሮሽን በላን፤ ነገርሽን ግን አልሰማንም።» ከዚያ ሳይጮኹ፣ «አማኑኤል፣ የልጅቷን ፓስፖርት ለእናቷ ስጥ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው ፊት…»

«አዎ። እዚሁ።»

ከኮቱ ኪስ ነው ያወጣው። ይዞት ነው የመጣው! ለምን ይዞት መጣ? … ይሉኝታ እስከ ዛሬ የሷን እጅ ብቻ ነበር የሚይዘው። ዛሬ የሱን ያዘው።

መሲና ማርቲ ከኔ ጋር ናቸው።

ማርች 14፣ ማክሰኞ

መሲ ዩገንድአምት ሄደች። የልጆች ጉዳይ ቢሮ ነው። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጧት፣ ሰኞ ጠዋት፤ ለሱም ጥሪ ልከውለታል። ፋጥና የተጣጠፈ ፍራሽ ከየት እንዳመጣች አላህ ይወቅ። «ከአየር ማረፊያ ሰረቅሽ?» ስላት፣ «አውሮፕላኑን ብቻ ነው የተውኩት» አለችኝ።

አማኑኤል ዝም ብሏል። አይደውልም። ደስ አላለኝም… ምን እያሰበ ነው?

ማርች 18፣ ቅዳሜ

ጠዋት ደወል ተደወለ። መሲ ለፈተናዋ እያጠናች ነበር። ፋጥና በመስኮት አየች። «አበባ ይዟል። መኪናዋንም አምጥቷል።»

በበሩ መነጋገሪያ ድምፁ መጣ፤ ማር ነው። «መሲዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና እሄዳለሁ። የመጨረሻ ነው።»

እጄ ወደ መክፈቻው ሄደ። የኔ እጅ! ዝናብ ይዘንባል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ የልጅ አባት ነው… ባለፈው ቅዳሜ ያን ሁሉ ተናግሬ ልከፍትለት ነበር።

መሲ እጄን ያዘችው።

«አማኒ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ ቢሆንስ?»

«ሰኞ ዩገንድአምት ቴርሚን አለን። ያን አንድ ነገር እዚያ ትነግረኛለህ። ሰኞ ሁሉም ክፍት ነው።»

ከዚያ የእግሩ ኮቴ። አበባውን ደረጃው ላይ ትቶታል፤ ማንም አላነሳውም።

ማርቲ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ «ቬር ቫር ዳስ?» አለች።

«በአማርኛ ጠይቂኝ» አለቻት መሲ።

«ማን ነው?»

«አባባ ነው። ሰኞ ታዪዋለሽ።»

ወደ ደብተሯ ተመለሰች።